የፋሲካው በሬና የወይዘሮ ዓለምነሽ ግድግዳ

በዓል ሲቀርብ አከራይ ይታመማል። ይህን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም፤ ስድስት ቤት ተከራይቼ ስለኖርኩ አውቀዋለሁ። ዓመቱን ሙሉ ደህና አደርክ የሚልህ ሰውዬ ጳጉሜ ስትገባ ወይም ሕማማት ሊያልቅ ሲል ዓይኑ ይቀላል። እንግዳ አታብዛ ይላል። በግህን ግቢዬ ውስጥ አትረድ፣ ደሙ ይሸተኛል ይላል። ችቦህን ከአጥሬ አርቅ ይላል። አንዳንዱማ ተከራዩ ለልጆቹ የበዓል ልብስ መግዛቱን ሲያይ ኪራይ ይጨምርበታል። ጣሪያው ሲያፈስ ግን ዝናቡን ክሰስ ነው መልሱ። ሕግ አለ ስትለው ይስቅብሃል። ሕጉ እኮ ታትሞ ወጥቷል! ማንበብ ነው ያቃተን፤ ወይም ያልፈለግነው።

ይህን ሁሉ ተናግሬ ስለ አንዲት አከራይ በጎ ልጽፍ ነው። በጎ ብቻ ግን አልጽፍም፤ ወይዘሮ ዓለምነሽም ያው አከራይ ነበሩ።

ግቢያቸው ጉለሌ ውስጥ፣ ከአዲሱ ገበያ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው መንገድ ዳር ነው። ባላቸው ዘበኛ ሆነው ኖረው ሲሞቱ መሬቱን ብቻ ተዉላቸው፤ ቤት አልነበረበትም። ወይዘሮ ዓለምነሽ ጠላ እየሸጡ፣ ያላቸውን እያራገፉ፣ አንድ አንድ ክፍል እያሉ አምስት ክፍል ሠሩ። ለእያንዳንዱም ክፍል የተሠራበትን ነገር ስም አወጡለት። እሳቸው የሚኖሩበት የጠላው ቤት ነው። እኔ የተከራየሁት የጊደሯ ቤት ይባላል፤ ጊደሯ ተሸጣ የተሠራ ነው። ከኔ ቀጥሎ ያለው የአምባሩ ቤት ነው፤ የእናታቸው የብር አምባር ነበረ። «የአምባሩን ቤት በር ቀስ ብለሽ ዝጊ!» ብለው ሲጮኹ የሚያውቋቸው ሰዎች አይስቁም። ያንን አምባር ሲሸጡት አልቅሰዋል።

ከአምስቱ ክፍል ይልቅ የሚኮሩት ግን በሁለት ነገር ነበር። አንደኛው፣ በስልሳ ዓመት ዕድሜያቸው ተከሰው አያውቁም። «ስሜ በዳኛ ፊት ተጠርቶ አያውቅም» ይላሉ፤ አንዳንዱ ሰው እየሩሳሌም ደርሻለሁ እንደሚለው። ሁለተኛው ቅርጫው ነው። የሰፈራችን አሥራ ስድስት ቤት ለፋሲካ በጋራ የሚገዛው በሬ ለአሥራ ሁለት ዓመት የታረደው በእሳቸው ግቢ ነው። ሥጋውን መደብ መደብ አድርገው የሚከፋፍሉት እሳቸው ናቸው። ከእጃቸው የወጣውን መደብ አነሰብኝ ያለ ሰው አላየሁም፤ ይህን ለማንም አከራይ አልመሰክርም፣ ለእሳቸው ግን እመሰክራለሁ።

ከመንገዱ ማዶ ደግሞ አቶ ስብሐት የሚባሉ ሌላ አከራይ አሉ። እሳቸው ናቸው በገና ዋዜማ አንድ ቤተሰብ ከነድስቱ ያስወጡት፤ ድስቱ ውስጥ ዶሮው ነበረበት! አቶ ስብሐት ያ ቅርጫ ወደ ግቢያቸው እንዲሻገርላቸው ዓመት ዓመት ይመኛሉ። አንድ ፋሲካ በሬው ሳይታረድ ቢቀር አሥራ ስድስቱም ቤት መንገዱን ተሻግሮ ይሄዳል፤ ከሄደም አይመለስም። ወይዘሮ ዓለምነሽ ከሞት ይልቅ የሚፈሩት ይህን ነው።

ነገሩ የሆነው በሃምሳ ስድስት ዓመተ ምሕረት ነው።

በግቢው መሐል አንድ ትልቅ ወይራ ነበረ። የቅርጫው በሬ ሁልጊዜ የሚታሰረው እዚያ ላይ ነው። በዚያ ዓመት ጥር ላይ ወይዘሮ ዓለምነሽ ወይራውን አስቆረጡት። ለምን? ስድስተኛ ክፍል ሊሠሩ ነዋ! አምስት መቼ ይበቃል! እንጨቱ ተቆለለ፣ ማገሩ ተከመረ፣ ፋሲካ ሲቃረብም ጭቃው ከጭድ ጋር ተቦክቶ ሳምንት ሙሉ ሲረገጥ ከረመ። ከፋሲካ ማግሥት ሥራው ሊጀመር ነበር። በሬው የት እንደሚታሰር ግን ማንም አላሰበም።

በጸሎተ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ቶለሳ በሬውን ከሸጎሌ ከብት ገበያ እየነዳ ገባ። ቶለሳ የመጨረሻው ክፍል ተከራይ፣ ድንጋይ ጠራቢ ነው። ከከብት ጋር ስላደገ በሬ የሚመረጠው ሁልጊዜ በእሱ ዓይን ነው፤ ወይዘሮ ዓለምነሽም አብረውት ሄደው ጥርሱን ቆጥረው፣ ሻኛውን ጨብጠው ካልፈቀዱ አይገዛም። ያመጡት ቀይ፣ ግንባሩ ቦቃ፣ አንገቱ የወፈረ በሬ ነበር።

«የት ልሰረው፣ እትዬ ዓለምነሽ?»

«እንደ ልማዱ ከወይራው...» አሉና ወይራው እንደሌለ ትዝ አላቸው። ግቢውን ዞር ዞር ብለው አዩ። «እሱ ቋሚ ላይ እሰረው» ብለው የአምባሩን ቤት ማዕዘን አመለከቱ።

«ግድግዳ ላይ?»

«ግድግዳ አላልኩህም፤ ቋሚው ላይ ነው ያልኩህ።»

«ቋሚው ግድግዳው ውስጥ አይደል እንዴ፣ እትዬ?»

«አንተ ልጅ፣ ቤቱን የሠራሁት እኔ ነኝ አንተ? አሥራ አራት ዓመት የቆመ ቋሚ ነው!»

«እኔም የፈራሁት አሥራ አራት ዓመቱን ነው» አለ ቶለሳ። ግን አሰረው። ከዚያ ወደ በሬው ጆሮ ጠጋ ብሎ በኦሮምኛ የሆነ ነገር ሹክ አለው። ምን እንዳለው ስጠይቀው «እባክህ ታገሥ ነው ያልኩት» አለኝ።

በሬው አልታገሠም።

የስቅለት ቀን ግቢው ባዶ ነበር። ሰው ሁሉ ከማለዳ ጀምሮ ቤተ ክርስቲያን ሲሰግድ ውሎ አመሻሹ ላይ ጉልበቱ እየተብረከረከ ተመለሰ። ቀድማ የገባችው ባዩሽ ናት። ባዩሽ የአምባሩ ቤት ተከራይ፣ አዲሱ ገበያ ጎመን የምትሸጥ፣ ብቻዋን የምትኖር ሴት ናት። ምላሷን የማይፈራ የለም፤ ጎመኗን የሚከራከራት ሰው እንኳ አንድ ጊዜ ተከራክሮ ይተዋል። የግቢውን በር ከፍታ ስትገባ ጩኸቷ እንጦጦ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም።

ቋሚው ተነቅሏል። ከማዕዘኑ እስከ በሩ ድረስ ያለው ግድግዳ መሬት ላይ ተኝቷል። በሬው ገመዱንና የቋሚውን ስባሪ እየጎተተ ገብቶ መሐል ቤት ቆሟል፤ የገለባ ፍራሿን ግማሹን በልቶ፣ ግማሹን ያመነዥካል። ባዩሽን ቀና ብሎ አያት። ማን አስገባሽ የሚል ይመስል ነበር።

የባዩሽ አልጋ ለመንገደኛ ሁሉ ወለል ብሎ ታየ። ከስግደት የሚመለስ አንድ ሰው ቆም አለና «ባዩሽ፣ መስኮቱን ምነው እንዲህ አሰፋሽው?» አላት። የስቅለት ቀን ሳቅ ነውር ነው፤ ሰው ግን ነጠላውን አፉ ላይ እያደረገ ሳቀ።

ወይዘሮ ዓለምነሽ ደረሱ። ግድግዳውን አዩ፣ በሬውን አዩ፣ በሬው ደህና መሆኑን አረጋገጡና ተረጋጉ።

«በል ቶለሳ፣ በሬውን አውጣልኝና ከኔ በር ላይ እሰረው። አንቺም አይዞሽ፣ ባዩሽ። ከበዓሉ በኋላ እናየዋለን።»

ከበዓሉ በኋላ! ይህችን ቃል ስሰማ ደሜ ይፈላል። ስንት ጣሪያ፣ ስንት በር፣ ስንት ሽንት ቤት «ከበዓሉ በኋላ» ተብሎ ሌላ በዓል ደርሶበታል! ባዩሽም ቃሏን የምታውቃት ይመስለኛል። ቶለሳ ገመዱን ሊፈታ እጁን ሲሰድ ቀድማ ደረሰችና የበሬውን ቀንድ ጨበጠች።

«በሕግ አምላክ!» አለች። «በንጉሥ አምላክ! ይህ በሬ ግድግዳዬ ሳይቆም ከዚህ ንቅንቅ ቢል፣ ቢላዋም ቢነካው፣ ጠቡ ከኔ ጋር አይደለም፣ ከሕግ ጋር ነው!»

ቶለሳ እሳት እንደነካው ሰው ገመዱን ለቀቀ።

በዚያን ጊዜ ይህ ቃል ቀልድ አልነበረም። የሚሮጥ ሌባ «በሕግ አምላክ» ሲባል እግሩ ይያያዛል። ዱላ የሰነዘረ ሰው ክንዱን አየር ላይ ይተዋል። ተብሎ ያልቆመ ሰው በንጉሥ ላይ እንዳመፀ ይቆጠራል። ቃሉ በበሬ ላይ ይሠራል ወይ ብሎ የጠየቀ ሰው ግን አልነበረም። እኔ ራሴ፣ ሕግ አንብቤያለሁ ባዩ፣ አልጠየቅሁም! ተባለ፤ በቃ። በሬው ቆመ፣ እኛም ቆምን።

«በከብት ላይ ሕግ ይጠራል እንዴ?» አሉ ወይዘሮ ዓለምነሽ።

«ተጠራ እኮ፣ እትዬ» አለ ቶለሳ እጆቹን ከኋላው ደብቆ። «እኔ አልነካም። ሌላ ሰው ከደፈረ ይሞክር።»

የደፈረ የለም። ባዩሽ በክፍተቱ ላይ ጆንያ ሰቅላ አደረች፤ በሬውም ማንም ሳይነካው በራሱ ጊዜ ወጥቶ ከጆንያው ማዶ ሲያመነዥክ አደረ።

ቅዳሜ ጠዋት ወሬው አሥራ ስድስቱም ቤት ገብቶ ነበር። ቄሶች ያደሉትን ቄጤማ በራሱ ላይ ያሰረ ሰው ሁሉ ወደ ግቢያችን መጣ። አምሳ አምስት ቀን ጾሞ ነገ ማለዳ ሥጋ የሚጠብቅ ሕዝብ ምን ያህል ገር እንደሆነ ታውቃላችሁ። «በሬው ታስሯል አሉ?» ይላል አንዱ። «ዋስ አይጠራም?» ይላል ሌላው። አቶ ስብሐት ከማዶ አጥራቸው ላይ ተደግፈው «የኔ ግቢ ወይራ አለው!» ብለው ተጣሩ። ወይዘሮ ዓለምነሽ ይህን ሲሰሙ ቶለሳን ዳኛ ጥራ ብለው ላኩት።

የአጥቢያችን ዳኛ አቶ ዓምሃ ከሐሙስ ጀምሮ እህል ውሃ ሳይቀምሱ እስከ ትንሣኤ የሚያከፍሉ፣ ቀጭን፣ ከንፈራቸው የደረቀ ሽማግሌ ናቸው። ቶለሳ ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ይዟቸው መጣ። ገና በሩን ሲያልፉ «ዛሬ ችሎት የለም» አሉ። «ማክሰኞ።»

«በሬውስ፣ ጌታዬ?»

«በሬውም ማክሰኞ።»

ግቢው ተንጫጫ። ወይዘሮ ዓለምነሽ ነጠላቸውን አደግድገው ፊታቸው ቆሙ። «አቶ ዓምሃ፣ ማክሰኞ ምን ፋሲካ አለ? አሥራ ስድስት ቤት ነገ በሽሮ ይፍታ ነው የሚሉት? በፈጠረዎት አሁኑኑ ይስሙን!»

አቶ ዓምሃ ሕዝቡን አዩ፤ ሕዝቡም እሳቸውን አየ። ተንፍሰው የማገሩ ክምር ላይ ተቀመጡ። «እንግዲያው አሳጥራችሁ ተናገሩ። ጉልበት የለኝም። ከሳሽ ባዩሽ፣ ቅረቢ። ተከሳሽ ወይዘሮ ዓለምነሽ፣ ይቅረቡ።»

«ተከሳሽ» የምትለዋ ቃል ከስማቸው ጋር ስትወጣ ወይዘሮ ዓለምነሽ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ጥርስ እንደሚነቀልበት ሰው።

«ሕጉ» አለች ባዩሽ፣ «አከራይ ቤቱን ለመኖሪያ የሚሆን አድርጎ መጠበቅ አለበት ይላል።»

«ማነው እንዲህ ያለሽ?»

«ግድግዳው ነው የነገረኝ፣ ጌታዬ።»

ሰው ሁሉ ዞሮ እኔን አየኝ። እውነቷን ነው። እኔ ሕጉን የምማረው ያለ አስተማሪ ስለሆነ ጮክ ብዬ ነው የማነበው፤ ከባዩሽ ጋር የሚለየን ግድግዳ ደግሞ ቀጭን ነው። የፍትሐ ብሔሩን ሕግ ግማሽ ያህል ጎመን እየቀነጠሰች ሰምታዋለች።

ወይዘሮ ዓለምነሽ አንገታቸውን ቀና አደረጉ። «እኔ ያከራየሁት ቤት ነው፣ ጌታዬ። በሬ አላከራየሁም! ግድግዳውን አሮጌነት አልጣለውም፣ ዝናብ አልጣለውም። በሬ ነው የጣለው። በሬው ደግሞ የኔ አይደለም፣ የቅርጫው ነው። አሥራ ስድስት ባለቤት አለው። ከፈለገች አሥራ ስድስቱን ትክሰስ።»

«ይህስ ያስኬዳል» አሉ አቶ ዓምሃ። «ያረጀውን አከራይ ይጠግናል፤ ከብት ያፈረሰውን ግን የከብቱ ባለቤት ነው የሚያቆመው። ባዩሽ፣ አንቺስ ቅርጫው ውስጥ አለሽበት?»

«አንድ መደብ አለኝ፣ ጌታዬ።»

«በይ እንግዲያው ከሳሽም አንቺ፣ ተከሳሽም አንቺ ነሽ።»

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ወይዘሮ ዓለምነሽ አልሳቁም እንጂ ትከሻቸው ሲስቅ አይቻለሁ። ከዚያ የቅርጫው ሰዎች ራሳቸውን መከላከል ጀመሩ፤ እንዲህ ያለ ክርክር ከዚያ ወዲህ ሰምቼ አላውቅም። አንዱ «ግድግዳውን የገፋው ቀንዱ ነው፤ እኔ ከቀንዱ ምንም አይደርሰኝም» አለ። ሌላው «እኔ ገና ድርሻዬን አልከፈልኩም፣ ስለዚህ በሬው ውስጥ የለሁበትም» አለ። «አልከፈልክም? አንተ ሌባ!» ተባለና ሌላ ጠብ ሊነሳ ሆነ።

አቶ ዓምሃ እጃቸውን አነሱ። «በቃ! ባለቤቶቹ አሥራ ስድስት ከሆኑ አሥራ ስድስቱም መጥሪያ ይደርሳቸዋል። አንድም ሳይቀር ቀርበው ይጠየቃሉ። እስከዚያ ድረስ በሬው በሕግ ሥር ይቆያል። ማክሰኞ።»

ደግሞ ማክሰኞ! የወይዘሮ ዓለምነሽ ትከሻ መሳቁን ተወ። ክርክሩን ረትተዋል፤ በሬውን ግን ሊያጡት ነው። በሬው የአሥራ ስድስታችን ነው ካሉ ፋሲካቸው ያልፋል። የኔ ነው ካሉ ደግሞ በስልሳ ዓመታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ተከሰው ሊፈረድባቸው ነው። አንዴ በሬውን፣ አንዴ ዳኛውን ያያሉ። እኔ በበኩሌ ልቤ ሊፈነዳ ደርሶ ነበር። አንቺ ሴትዮ፣ ወይራውን የቆረጥሽው አንቺ፣ እሰረው ያልሽው አንቺ፣ ምን ይከብድሻል ብዬ ልጮኽ አፌን ከፈትኩ።

አቶ ስብሐት ቀደሙኝ። መንገዱን ተሻግረው መጥተው በበሩ ላይ ቆመው ነበር።

«ደግሞ ለዚህ በሬ ነው ይህ ሁሉ ክርክር?» አሉ በሬውን ከላይ እስከ ታች እያዩ። «አይ ዓለምነሽ! ከዚህ ከሲታ ምን ሥጋ ይወጣል? አጥንቱ ለውሻም አይበቃ!»

«ከሲታ?» አሉ ወይዘሮ ዓለምነሽ።

«ጎኑ ይቆጠራል እኮ።»

«የኔ በሬ ነው ከሲታ?» ድምፃቸው አዲሱ ገበያ ተሰማ። «እኔ ራሴ ሸጎሌ ወርጄ፣ ጥርሱን ቆጥሬ፣ ሻኛውን ጨብጬ የመረጥኩት! የኔ በሬ ግድግዳ ነቅሎ ጥሏል! አሥራ አራት ዓመት የቆመ ቋሚ ነቅሏል! አንተ ባለፈው ዓመት ያረድከው በግ እንኳን ቋሚ ሊነቅል ራሱን ችሎ መቆም አቅቶት በሁለት ሰው ተደግፎ ነው የታረደ!»

ባዩሽ ፈገግ ስትል ጥርሷ በሙሉ ታየ። አቶ ዓምሃ ከማገሩ ላይ ቀስ ብለው ተነሱ።

«የኔ በሬ አሉ» አሉ። «ስንት ጊዜ አሉ?»

«ሁለት ጊዜ፣ ጌታዬ» አለ ቶለሳ።

«ግድግዳ ነቅሎ ጥሏል ማለታቸውንም ሰምታችኋል። ባለቤቱ ተገኝቷል። ፍርዱ ይህ ነው። ወይዘሮ ዓለምነሽ ግድግዳውን ዛሬ ፀሐይ ሳትጠልቅ ያቁሙ። ግድግዳው ሲቆም በሬው ይፈታል። ካልቆመ፣ ማክሰኞ።»

ወይዘሮ ዓለምነሽ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። አንዳንድ ሰው እስከ ዛሬ አውቀው ነው ያሉት፣ በሬውን ለማትረፍ ራሳቸውን አሳልፈው ሰጡ ይላል። ውሸት ነው። ፊታቸውን አይቻለሁ፤ ንዴት ነው ያናገራቸው። ግን አልካዱም። ተናዶ የተናገረውን ሲበርድለት የሚክድ ስንት ባለቤት አለ! እሳቸው አልካዱም።

«በዚህ አጭር ጊዜ በየትኛው ጭቃ ይቆማል?» አሉ ብቻ፣ ደከም ባለ ድምፅ።

ሁሉም አንገቱን ወደ አንድ ቦታ አዞረ፤ ሳምንት ሙሉ ተረግጦ እንደ ቅቤ ወደለሰለሰው ወደ ስድስተኛው ክፍል ጭቃ። ወይዘሮ ዓለምነሽም ዞረው አዩት። ከዚያ ዳኛው ተቀምጠውበት የነበረውን ማገር አዩ። ልጅ እንደሚድር ሰው ነበር አስተያየታቸው።

«ውሰዱት» አሉ።

ችግሩ ጉልበት ነው። ወንዱ ሁሉ ትናንት ሲሰግድ ውሏል፤ ግማሹ ከሐሙስ ወዲህ ምግብ አልቀመሰም። ቶለሳ አዲሱን ቋሚ ሊያነሳ ሞክሮ ከነቋሚው ተቀመጠ። «ቁርሱን የበላ ሰው ካለ ይምጣ!» ብሎ ጮኸ። ከጥግ ካለው ክፍል ጀላል ወጣ። ጀላል ልብስ ሰፊ ነው፣ እስላም ነው፣ ቁርሱን ብቻ ሳይሆን ምሳውንም በልቷል። «እኔ ከዚህ በሬ አልበላም፣ ፍራሽም አልበላብኝም» አለ እየሳቀ፤ ግን ቋሚውን ብቻውን ተከለው፣ ማገሩንም ማገረ። እኛ ጭቃ እያቀበልን «አይዞህ ጀላል» ከማለት በቀር እዚህ ግባ የሚባል ሥራ አልሠራንም።

ወይዘሮ ዓለምነሽ ቀሚሳቸውን ጉልበታቸው ድረስ ሰብስበው በመታጠቂያቸው ሸጎጡና ጭቃው ውስጥ ገቡ። እሳቸውም አክፋይ ናቸው። ከንፈራቸው ነጥቷል። «ይውጡ እንጂ፣ እትዬ፣ ይወድቃሉ!» ብትላቸው ባዩሽ፣ «ለተከሳሽ ማን ያዝናል ብለሽ ነው» እያሉ ይረግጣሉ። ትንሽ ቆይታ ባዩሽም ጫማዋን አውልቃ ገባች። እየተሰዳደቡ አብረው ረገጡ። «ጎመን ሻጭ ሕግ አዋቂ!» ይላሉ አንዷ፤ «ባለ በሬዋ!» ትላለች ሌላዋ።

ፀሐይ ወደ መጥለቁ ስታዘነብል ግድግዳው ቆመ። ባዩሽ በአውራ ጣቷ እየወጋች ከዳር እስከ ዳር መረመረችው።

«በቀኝ በኩል ይጎብጣል።»

«አንቺም በስተርጅና ትጎብጫለሽ፣ ማንም አይከስሽም!»

አሁን ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። ሕግ የተጠራበት በሬ እንዴት ነው የሚፈታው? አቶ ዓምሃ ፍርዱን ሰጥተው ሄደው ጋደም ብለዋል። መጽሐፌን አገላበጥኩ፤ ስለዚህ የሚል የለም። በመጨረሻ ባዩሽ ቀንዱን እንደገና ጨብጣ «በሕግ አምላክ ያልኩትን በሰው ፊት፣ በፈቃዴ አንስቻለሁ» አለች።

«ለሱም ንገሪው» አለ ቶለሳ። «ሲታሰር ሰምቷል፣ ሲፈታም ይስማ።»

«ተፈትተሃል» አለችው። በሬው ከሰው ራስ ላይ የወደቀ ቄጤማ አግኝቶ እያመነዠከ ነበር፤ ጉዳዩም አላለው።

እሁድ ማለዳ ሰው ከቅዳሴ ተመልሶ ገድፎ ሲሰበሰብ ታረደ። ከሲታ አልነበረም! ጮማው ሲወጣ አቶ ስብሐት እንዲያዩት ወይዘሮ ዓለምነሽ በሩን ወለል አድርገው አስከፈቱት። አሥራ ስድስቱን መደብ በእጃቸው እያመዛዘኑ ደረደሩ፤ ከአንዱ ቆርጠው በሌላው ላይ ያክላሉ፣ ራቅ ብለው ያያሉ፣ ተመልሰው ያስተካክላሉ። ዕጣ ወጣ፣ ሰው ድርሻውን ተሸክሞ እየመረቀ ሄደ። «ለከርሞም ያድርሰን፣ እዚሁ!» አለ አንዱ። «እዚሁ» የምትለዋን ሲሰሙ ወይዘሮ ዓለምነሽ ቢላዋውን እየጠረጉ ማዜም ጀመሩ። ስድስተኛው ክፍል ሁለት ዓመት ዘገየ። ተከስሼ አላውቅም ማለትም ቀረ። በምትኩ «አንድ ጊዜ ተከስሼ፣ በዕለቱ ፈጽሜያለሁ» ይሉ ጀመር፤ ይህንንም በኩራት! ይኸው፣ ሕግ የደረሰበት አከራይ አይሞትም። ሌሎቹ ምን እንደሚያስፈራቸው አላውቅም።

ከሰዓት በኋላ ባዩሽ ጠራቻቸው። በጫፉ ጥለት ያለበትን አዲሱን የፋሲካ ነጭ ቀሚሳቸውን ለብሰው ወደ አምባሩ ቤት ገቡ። እኔና ቶለሳም ተጠርተን ነበር። አንዲት በርጩማ አለች፤ እሷም ግድግዳው ሥር ነበረች።

«ገና እርጥብ ነው፣ እትዬ፣ እዚያ አይደገፉ» አለች ባዩሽ።

«ምን እርጥብ ይሆናል! እኔ የረገጥኩት ጭቃ በአንድ ሌሊት ይደርቃል» አሉና ተደግፈው ተቀመጡ። በሉ፣ ጠጡ፣ ስለ በሬው ጉልበት ደግመው ደጋግመው አወሩ፤ በእያንዳንዱ ወሬ ቋሚው እየወፈረ ሄደ። ተነስተው «በሉ፣ እንኳን አደረሳችሁ» ብለው ሲወጡ ጀርባቸው ከትከሻ እስከ ወገብ በጭቃና በጭድ ተለስኖ ነበር።

ቶለሳ አፉን ሊከፍት ሲል ባዩሽ ክርኑን ቆነጠጠችው። ወይዘሮ ዓለምነሽ ግቢውን ቀጥ ብለው አቋርጠው ወጡ፤ ለአቶ ስብሐት እንኳን አደረሰህ ሊሉ መንገዱን ሲሻገሩ ከኋላ አየናቸው።